ሴት ልጅና ሩቅ መንገድ

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ ይሄዳል፤ አንዱ ለዘመቻ፤ አንዱ ለስለት፤ አንዱ ለሙግት። ከነዚህ ሁሉ የተለየ ደግሞ አለ። ማንም ሳያዝዘውና ምንም ሳይቸግረው፣ ተራራው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብቻ ሊወጣው፣ መንገዱ ረዥም ስለ ሆነ ብቻ ሊፈጽመው፣ ጕልበቱንና ልቡን ሊፈትንበት የሚነሣ ሰው አለ። ይህን የመጨረሻውን ዐይነት ጉዞ በወንድ ያየነው እንደ ሆነ ጀግንነት እንለዋለን። በሴት ያየነው እንደ ሆነ ግን «ምን ቸግሯት?» ብለን እንጠይቃለን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህች ጥያቄ ናት። ቀላል ጥያቄ ትመስላለች፤ ነገር ግን የአርሲን ደጋ ሴቶች ታሪክ የተመለከተ ሰው ስንት ልጃገረድ ከመንገድ እንዳስቀረች ያስተውላል።

ዲክሲስ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ያለች፣ ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት የደጋ አገር ናት። እንደ ሌላው የአርሲ ደጋ ሁሉ በዚያም ሴት ልጅ ከመንገድ ተለይታ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው። ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ከብት ትጠብቃለች፤ እህል ወፍጮ ታደርሳለች፤ በገበያ ቀን ቅቤዋን ይዛ ትወጣለች፤ ትምህርት ቤት የገባችም እንደ ሆነ ጧት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። አየሩ የሳሳ ነው፤ አቀበቱም ብዙ ነው። በዚያው በአርሲ ያለችው በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭላሎ፣ ካካና ባዳ የሚባሉት ተራሮችም ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ አገር ያደገችን ልጅ እግሯ ደካማ ነው፣ ልቧም አይችልም ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ አንድ ቀን ብቻ እንስራዋን ተሸክሞ ይከተላት።

ታዲያ ከልክሏት የኖረው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሴት መንገድን አልተከለከለችም፤ የተከለከለችው በራሷ ፈቃድ መሄድን ነው። እንስራው በጀርባዋ እስካለ ድረስ «ወዴት ትሄጃለሽ?» የሚላት የለም። እንስራውን አውርዳ በዚያው መንገድ ባዶ እጇን የሄደች እንደ ሆነ ግን ጠያቂው ይበዛል።

የቀድሞውን ዘመን ታሪክ ስናገላብጥ ሩቅ መንገድ የሄዱ ሴቶችን በብዛት እናገኛለን። (ዓ.ም. እያልሁ የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን አገር ነገር ግን በአውሮፓውያን ዓመት እንደ ሆነ እያመለከትሁ እሄዳለሁ።) በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በተደረገው ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝበት መደረጉም ከእርሳቸው ምክር ጋር የተያያዘ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ከእቴጌዪቱ በስተ ኋላ ግን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሺህ ሴቶች ነበሩ። እህል እየፈጩ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ገንቦ እየተሸከሙ፣ ቍስለኛ እያስታመሙ ወንዶቹ የሄዱትን መንገድ ሁሉ በእግራቸው ሄደውታል። ወታደሩ ማታ ሲያርፍ እነርሱ ሥራ ይጀምሩ ነበር። ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ «ዘማች» የሚለውን ስም ያገኘው ወንዱ ነው፤ እነርሱ ስንቅ ተሸካሚ ተባሉ።

ሃይማኖትም ለሴት መንገድ ከፍቶላት ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ፣ ጠጕሯን ተላጭታ መነኰሰች፤ የንጉሡን አዲስ ሃይማኖት አልቀበልም ብላም ከአገር ወደ አገር ተንከራተተች፤ ወደ ሱዳን ጠረፍም ተግዛ ኖረች። በአርሲም በኩል በባሌ ወዳለው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ምዕመናን፣ ጫፉ መንታ የሆነውን በትራቸውን ይዘው በእግራቸው ቆላውንና ደጋውን ሲያቋርጡ ሴቶች ከመካከላቸው አልጠፉም። በምሥራቅ አርሲ በፈረቃሳ ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ የአንዲት ሴት፣ የስቲ ሞሚና ነው። እንግዲህ «ሴት ከሩቅ መንገድ ጋር አትተዋወቅም» ማለት ሐሰት ነው። እውነቱ ጦርነት ወይም ስለት ሲሆን ፈቃድ መገኘቱ ነው። ሁለቱም ከራሷ የሚበልጡ ምክንያቶች ናቸው፤ የራሷ ምክንያት ብቻ አልበቃ አለ።

የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አላቸው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ሲንቄ ይባላል። ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች፤ ሙሽራዪቱም ይዛት ወደ ባሏ ቤት ትገባለች። ለመደገፊያ ወይም ለከብት መንጃ አይደለችም፤ የሴት ክብር ምልክት ናት። ባል ሚስቱን በግፍ የደበደበ ወይም ክብሯን የደፈረ እንደ ሆነ ተበዳይዋ ሲንቄዋን ይዛ ከደጅ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙት ያገቡ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ሥራ ጥለው፣ እየራሳቸውን ሲንቄ አንሥተው ይሰበሰባሉ። ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ መንደሩን ትተው በአንድነት ይሰደዳሉ፤ ይህ ስደት «ጎዳንሳ ሲንቄ» ይባላል። ሽማግሌዎች መጥተው ካልለመኑ፣ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ካልካሰ አይመለሱም።

ይህን ልማድ ብዙ ሰው ያደንቀዋል፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የሴቶቹ መሄድ ይህን ያህል ኀይል ያገኘው መቀመጣቸው እንደ ግዴታ ስለ ተቈጠረ ነው። ሴት ከቤት መራቋ ነውር ወይም መቅሠፍት ባይመስል ኖሮ ሽማግሌ ሁሉ በድንጋጤ አይነሣም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሲንቄ የሚሰጠው በጋብቻ ነው። ያላገባች ልጃገረድ ሲንቄ የላትም። ስለዚህ ከቤቷ ውጭ ብቻዋን መንገድ ላይ ያለችው ልጅ፣ ከሁሉ ይልቅ መከታ የሚያስፈልጋት እርሷ ሳለች፣ በትሩ ገና አልደረሳትም። ይህን ነገር አስቡልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ወደ ውጭው ዓለም ጥቂት እንይ። በአውሮፓውያን በ1928 በአምስተርዳም በተደረገው ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ጀርመናዊቱ ሊና ራድከ አሸነፈች። በማግስቱ አንዳንድ ጋዜጦች ሯጮቹ ሁሉ በየሜዳው ወድቀው እንደ ቀሩ አድርገው ጻፉ። የዚያን ቀን የተነሣው ፊልም ግን ዛሬም አለ፤ ያን የመሰለ ነገር አይታይበትም። ዘጠኙም ሴቶች ሩጫውን ፈጽመዋል፤ ደክሞት የወደቀ ቢኖር ደግሞ ወንዶችም ከሩጫ በኋላ ይወድቃሉ፤ ስለ ወደቁ ግን ሩጫ የተከለከለባቸው ጊዜ የለም። ሹማምንቱ ግን ጋዜጣውን አመኑና ከ200 ሜትር የረዘመ ሩጫ ለሴቶች አይገባም ብለው 32 ዓመት ዘጉት። የተከፈተው በ1960 በሮም ነው።

የሮም ኦሊምፒክ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነው። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ሳምንት በዚያው ከተማ ለሴቶች የተፈቀደው የመጨረሻው ርቀት ገና 800 ሜትር ነበረ። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በብዙ ነገሩ የሚመሰገን ትልቅ ሕግ ነው። ነገር ግን ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት እንደሚችሉ ደነገገ፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ተናገረ፤ የሚኖሩበትንም ቤት የሚመርጠው ባል ሆነ። ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ የተጠለፈችው ሴት ከጠላፊዋ ጋር ተጋብታ የተገኘች እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተውል። ልጅቱን በጕልበት የወሰደ ሰው ቤተ ዘመዱን ለምኖ ጋብቻ አድርጎት የተገኘ እንደ ሆነ ወንጀሉ ሠርግ ይሆንለት ነበር።

በዚያ ዘመን፣ በ1959 ዓ.ም.፣ ደርቭላ መርፊ የምትባል የአየርላንድ ሴት ከምጽዋ ተነሥታ አንዲት በቅሎ እየነዳች ትግራይን፣ ሰሜን ተራሮችን፣ ጎንደርንና ላሊበላን አልፋ አዲስ አበባ ድረስ በእግሯ መጣች። በመንገድ ሽፍቶች ዘረፏት፤ እርሷ ግን ጉዞዋን አልተወችም፤ ከዚያም ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፈች። ይህን የማነሣው ነጭ ሴት ከእኛ ሴቶች ትበረታለች ለማለት አይደለም። የደጋው ገበሬ ሴት በዚያው ዳገት ላይ እንጨት ተሸክማ አልፋታለች። ልዩነቱ ሌላ ነው። እንግዳዪቱ ፓስፖርት ነበራት፤ ጥቂትም ቢሆን ገንዘብ ነበራት፤ በመንደሩም ውስጥ «እርሷን ለእገሌ ልጅ ልንሰጣት ነው» የሚል አጎት አልነበራትም። ተራራው ለሁለቱም አንድ ነው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር በቦስተን ማራቶን ካትሪን ስዊትዘር የምትባል ተማሪ በስሟ የመጀመሪያ ፊደሎች ተመዝግባ ገብታ ስትሮጥ፣ ከውድድሩ ሹማምንት አንዱ ሮጦ ይዞ የደረት ቍጥሯን ሊቀማት ታገለ። ከእርሷ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ቦቢ ጊብ የምትባል ሴት ለመመዝገብ ብትጽፍ የሴት አካል ይህን ርቀት አይችልም የሚል መልስ መጣላት፤ እርሷም በቍጥቋጦ ተደብቃ ቆይታ ከሯጮቹ ጋር ተቀላቅላ ፈጸመችው። በጃፓንም ጁንኮ ታቤይ ወደ ኤቨረስት የሚሄድ የሴቶች ቡድን ለማደራጀት ገንዘብ ስትለምን ልጆቻችሁን በቤት ብታሳድጉ ይሻላል የሚል ምክር ሰማች። ዕቃ መግዣ ቢያጥራቸው ከአሮጌ የመኪና ወንበር ልባስ ጓንትና ከረጢት ሰፉ። በ1975 ይህች የአንዲት ልጅ እናት፣ የበረዶ ናዳ ወድቆባት ከዳነች ከ12 ቀን በኋላ፣ ከሴት ወገን የመጀመሪያዋ ሆና ከዓለም ሁሉ ከፍተኛ በሆነው ተራራ ራስ ላይ ቆመች። በቶኪዮም በቦስተንም በአርሲም ሰው የተናገረው አንድ ነገር ነው። አንዱ በሐኪም ቃል ይናገረዋል፤ አንዱ በሽማግሌ ቃል።

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ። ደራርቱ ቱሉ በ1964 ዓ.ም. በበቆጂ አካባቢ ተወለደች። ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ ናት፤ ከብት እየጠበቀች አደገች። በተወለደችበት ዓመት በኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረዥሙ ሩጫ 1,500 ሜትር ነበረ፤ ስለዚህ ይህች ሕፃን በኋላ የዓለም አንደኛ የምትሆንበት ውድድር ራሱ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ኢትዮጵያ ሴት ሯጮችን ወደ ኦሊምፒክ የላከችው በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ነው፤ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የሮጡትም መካከለኛ ርቀት ነው። የሴቶች ማራቶን በአውሮፓውያን በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲጀመር፣ የ10,000 ሜትሩም በ1988 በሴኡል ሲጀመር አገራችን በፖለቲካ ምክንያት በሁለቱም ሳትገኝ ቀረች። እንዲህ እየሆነ በር በበር ላይ ተዘጋ።

ደራርቱ በፖሊስ ተቀጥራ መሮጥ ጀመረች። ይህን «ተቀጥራ» የሚለውን ቃል በከንቱ አልጻፍሁትም። አንዲት የገጠር ልጅ «እሮጣለሁ» ብትል ማን ይሰማታል? «ደመወዝ አለኝ» ስትል ግን አባትም ዘመድም ነገሩን በሌላ ዐይን ያየዋል። ብዙዎቹ የአርሲ ሴት ሯጮች ከቤት የወጡት በዚህ በር ነው፤ የፖሊስ፣ የወህኒ ቤት፣ የጦር ሠራዊት፣ የባንክ ክለቦች የሚከፍሉት ደመወዝ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከጋብቻ ጥያቄ ጋር ተመዝኖ የሚያሸንፍ አልፎ አልፎ ተገኘ።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት፣ በባርሴሎና ለሴቶች በኦሊምፒክ ታሪክ ሁለተኛው የ10,000 ሜትር ሩጫ ተደረገ። የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ቀድማ ወጣች፤ ደራርቱ ከኋላዋ እንደ ጥላ ሆና ተከተለቻት። ብዙ ዙር እንዲህ ከሄዱ በኋላ በመጨረሻው ዙር ላይ ደራርቱ አልፋት ሄደችና በ31 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ አሸነፈች። ከጥቍር አፍሪካውያት ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ከረዥም ጊዜ እገዳ በኋላ የተመለሰችበት ኦሊምፒክ ነበርና ነጯ ልጅና ጥቍሯ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸውን ዓለም ሁሉ አየ።

እኔ ግን ከዚህች ሴት ሥራ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በአውሮፓውያን በ1995 ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ደራም ለአገር አቋራጭ ሩጫ ስትሄድ በአቴና አውሮፕላን ማረፊያ ያለ እንቅልፍ አንድ ሙሉ ቀን ታግታ ቆየች፤ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ደረሰችና አሸነፈች። መንገደኛ ማለት እንዲህ ነው። ሁለተኛው፣ በ1990 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች፤ ሰዉም ወልዳለች፣ እንግዲህ ይበቃታል አለ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ በዚያው ርቀት ወሰደች። በኋላም በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች፤ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። እናትነት የመንገድ መጨረሻ ነው የሚለውን አሳብ በክርክር ሳይሆን በእግሯ መለሰችው።

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ሌላዋ የአርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የማራቶን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ አሸነፈች። ሁለተኛዋ ሴት የደረሰችው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ከአፍሪካ ሴቶች የኦሊምፒክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። በሚቀጥለው ዓመት፣ ካትሪን ስዊትዘር የደረት ቍጥሯን ልትቀማ በነበረበት በቦስተን መንገድ፣ ልክ በ30ኛው ዓመት፣ ፋጡማ አንደኛ ወጣች፤ ተከታዮቹንም ሁለት ዓመታት ደገመችው።

ፋጡማ በአትላንታ ባሸነፈችበት በዚያው በአውሮፓውያን ዓመት፣ በዚያው በአርሲ፣ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ከብበው ያዟት። ልጅቱ ለማግባት ያልፈቀደችው ሰው ሊያደርጋት ያሰበውን አደረገባት። እርሷም ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊዋን ጠመንጃ አንሥታ ተኰሰች፤ ሰውየው ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት ሁለት ዓመት ያህል ከተከራከረ በኋላ፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ ተለቀቀች። ወደ መንደሯ ተመልሳ እንደ ቀድሞው ለመኖር ግን አልቻለችም። «ድፍረት» የሚባለው ፊልም በዚህ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

እነዚህን ሁለት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ የማቆማቸው አሳብ አለኝ። አገራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በአርሲ ደጋ በእግራቸው የሄዱ ናቸው። የአንደኛዋን ሩጫ ሕዝብ በጭብጨባ ተቀበለው። ሁለተኛዋ ስትሮጥ ያያት ፈረሰኛ ብቻ ነው። ስለ ሴት ሯጮቻችን ድል ስናወራ ከበቆጂ እስከ አትላንታ ያለውን ርቀት እንቈጥራለን፤ ነገር ግን ለብዙዋ ልጅ ከሁሉ የሚያስፈራው መንገድ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ያለው ነበረ። ሲንቄ ገና ያልተሰጣት ልጅ ያልሁት ይህችን ነው።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የባልን አለቅነትም አስቀረ፤ ክልሎችም በየበኩላቸው ሕግ አወጡ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ በጋብቻ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ደፈነው። ሕግ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ደክሞት የሚቀርበት መንገድም አለ።

ለዚህ ምስክር ጥሩነሽ ዲባባ ናት። ይህችም የአርሲ ልጅ ናት፤ የደራርቱም ዘመድ ናት። ገና ልጅ ሳለች ሯጭ ወደ ሆኑት እኅቷና የአጎቷ ልጅ ዘንድ አዲስ አበባ የመጣችው ለመማር ነበር። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ አለፈባት። ወደ ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ጋብቻ እንደ ሆነ ስላወቀች አልመለስም ብላ በወህኒ ቤቶች ክለብ ገብታ መሮጥ ጀመረች። በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበረ። ከዚያ በቤጂንግ ሁለት፣ በለንደን አንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ሰው ሁሉ የተፈጥሮ ስጦታዋን ያደንቃል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ያን ዓመት እኅቷ አዲስ አበባ ባትኖር ኖሮ ያ ሁሉ ስጦታ የት ይውል ነበር? እንደ እርሷ ያለ እግር ኖሯቸው እኅት በከተማ ያልነበራቸው ስንት እንደ ሆኑ የቈጠረ የለም፤ ሊቈጠርም አይችልም።

ስለዚህ ታሪኩን በሜዳሊያ ብቻ መጻፍ አልወድም። በበቆጂ አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ ለብዙ ዓመት ልጆችን ከማለዳ ጀምሮ ሲያስሮጡ ኖረዋል፤ ከእጃቸው የዓለም ሻምፒዮኖች ወጥተዋል። ነገር ግን በየማለዳው ከተሰለፉት ልጆች እጅግ የሚበዙት ስማቸው አይሰማም። «የሯጮች ከተማ» የሚል ትርጕም ያለው፣ በአውሮፓውያን በ2012 የወጣ ፊልም ከዚያ ሜዳ የተነሡ ሁለት ልጃገረዶችን ይከተላል። ወደ ሩቅ ክለብ ሲሄዱ፣ ምግቡና አያያዙ እንደ ተነገራቸው ሳይሆን ሲቀር፣ ቤታቸውን ሲናፍቁ ያሳያል። ይህን የመሰለው ችግር ለወንድ ልጅም አለ። ሴቲቱ ግን ከዚህ በላይ የምትሸከመው አላት። በሠፈሩ የሚወራባት ወሬ አለ፤ ማታ ከልምምድ ስትመለስ የምታልፍበት ጨለማ አለ፤ በወር አበባዋ ቀን የምትታጠብበት ቤት የሌለው ማረፊያ አለ፤ «ዕድሜሽ አለፈ» የሚል ደብዳቤ ከቤት ይመጣል።

ለሽርሽርና ለጀብዱ ብሎ መሄድም ዛሬ በአገራችን እየተለመደ መጥቷል። ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሥተው ተራራ የሚወጡ ቡድኖች አሉ፤ በመካከላቸውም ሴቶች አሉ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም በአዲስ አበባ ለሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየዓመቱ ሲደረግ ኖሯል፤ ያሸነፈችም ያላሸነፈችም በአስፋልቱ መካከል ትሮጣለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያው አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጡት ወንድና ሴት መካከል ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ የት እንደምታድር፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ከመነሣቷ በፊት ለሦስት ሰው ያስረዳችው ሴቲቱ ናት። ወንዱ ጫማውን አሥሮ ወጥቷል።

በአርሲ ደግሞ በየዓመቱ ከክለብ ተሰናብታ የምትመለስ ልጅ አለች። አላሸነፈችም። ነገር ግን አራት አምስት ከተማ አይታለች፤ ደመወዝ ተቀብላ በእጇ ፈርማለች፤ በማታውቀው አገር ታምማ ድናለች፤ የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ ማንንም ሳትጠይቅ ታውቃለች። ከእርሷ በፊት በነበሩት በእናቷና በአያቷ ዘመን ይህን በራሷ ፈቃድ ያደረገች ሴት በዚያ መንደር ጥቂት ናት። ሻንጣዋን ይዛ ከመናኸሪያው ስትወርድ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ስመው ካበቁ በኋላም የመጀመሪያው ጥያቄአቸው «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚል ነው።